ስለቱ የማን ነበር?

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ስለ ቃል አክባሪነት ወሬ በተነሣ ቁጥር ይጠቀሳል፤ ጠቃሹም ደረቱን ነፋ ያደርጋል። እኔ ግን በዚህ ክረምት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለሦስተኛ ጊዜ ካነበብኩ ወዲህ ተረቱ ካፌ አልወጣ ብሎኛል። ምነው ቢሉ፣ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ «የወለዱት» ስም አለው፤ በዛብህ ይባላል።

ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ካሳተሙበት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙው አንባቢ በሁለት መንገድ ሲተረጉመው ኖሯል፤ ወይ የፍቅር ታሪክ ነው፣ ወይ የባላባቱን ሥርዓት ማጋለጫ ነው። ሁለቱም ልክ ነው። (ከኛ መካከል ጉዱ ካሣን ለመምሰል ያልሞከረ ማን አለ!) ግን ሁለቱም ነገሩን የሚጀምሩት ከፊታውራሪ መሸሻ ደጃፍ ነው። መከራው የተጠነሰሰው ግን ገና ማንኩሳ ላይ፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው እንዲያድግላቸው በተሳሉት ቀን ነው። ልጁ ካደገ የቤተ ክርስቲያን ይሆናል፤ ሚስት አያገባም።

በክፋት አይደለም። ልጁ እንዳይሞትበት የሚፈራ ወላጅ ምን የማይሳለው አለ? የኔም እናት ማትሪክ ካለፍኩ ብላ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስላ ነበር። አለፍኩ፤ እሷም እንቁላል ሸጣ ባጠራቀመችው ገንዘብ ገዝታ ስለቷን አስገባች። የተሳለችውም የከፈለችውም እሷው ናት። በነቦጋለ ስለት ግን ተሳዩ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ።

በዛብህ ሰብለን ሲወድ የሚጨነቀው ፊታውራሪን ፈርቶ ብቻ አይደለም። በሁለት ቃል መካከል ተይዟል፤ አንዱን ሌሎች በሱ ስም ገብተውለታል፣ ሌላውን በገዛ አፉ ለሰብለ ሰጥቷል። አንዱን ሳያፈርስ ሌላውን መጠበቅ አይችልም። ታዲያ «ቃል አባይ» የምንለው በየትኛው ነው?

የዶርም ጓደኛዬ «በዛብህን የቀሠፈው ስለቱ ነው» ብሎ ይሟገተኛል። ማስረጃው ከሰብለ ጋር ትዳር ሳይኖር መሞቱ ነው። ደራሲው ይህን ትርጉም በሩን አልዘጉበትም፤ እዚህ ላይ ትንሽ አድፍጠዋል ባይ ነኝ። ስለቱን በግልጽ ይሟገቱት ነበር፣ ጉዱ ካሣን የመሰለ አንደበት በእጃቸው እያለ!

ለኔ መልሱ ያለው በሰብለ ነው። በስተመጨረሻ የምትመነኩሰው እሷ ናት። ለሱ የታሰበው ቆብ በሷ ራስ ላይ አረፈ። ለሷ ግን ማንም አልተሳለላትም፤ አባቷ ያሰቡላት ባላባት ባል ነበር። በገዛ አፏ ቃል ገባች፣ በገዛ ዕድሜዋ ከፈለች። ያንኑ ምንኩስና ሁለት ጊዜ እናያለን፤ በልጁ ላይ ሲጫን እስር ቤት ይመስላል፣ ሴቲቱ ራሷ ስትመርጠው ግን ከመጽሐፉ ሁሉ ቀጥ ያለ ነገር እሱ ነው።

ይህን ለጓደኛዬ ብነግረው «እና እናት አባቱ ምን ያድርጉ?» አለኝ። እስኪያድግ ይጠብቁና ራሱን ይጠይቁት አልኩት። ሳቀብኝ፤ ኋላ ግን እሱም የስለት ልጅ መሆኑን አጫወተኝ።