ባሕር ዛፍን እንደ ዋንዛ

በክረምት የተገጠመ የእንጨት በር እስከ መስከረም ድረስ ደኅና ይመስላል። ጥር ላይ ግን በመጋጠሚያው ስንጥቅ ይታያል፤ በመቃኑና በበሩ መካከልም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። የቤቱ ባለቤት አናጢውን ይወቅሳል፣ አናጢው ጣውላ ሻጩን፣ ሻጩ ደግሞ መሰንጠቂያ ቤቱን። የጠቡ መነሻ ጣውላው ውስጥ የቀረ ውኃ ነው። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ያንን ውኃ የለካ ሰው የለም።

የኢትዮጵያ አናጢ እጅና ዓይን የሠለጠኑት በዋንዛ፣ በዝግባና በቀረሮ ነው። በተለይ ዋንዛ ለመላጊያ ይመቻል፤ ሲደርቅም ብዙ አይጣመምም። በደንብ ሳይደርቅ ቢሠራበት እንኳ ብዙ ጊዜ ሠሪውን አያሳፍርም። ጥሩ እንጨት በዓይን፣ በክብደትና በጣት አንኳኩቶ ይለያል የሚለው ልማድ የተገነባው በእንዲህ ያለው ዛፍ ላይ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከለከለ። ክልከላው ተገቢ ነበር። ዛሬ ገበያውን በብዛት የሚመግቡት ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ናቸው፤ እንጨቱ ሲለወጥ የሥራው ልማድ አብሮ አልተለወጠም።

በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶና ከቤት መሥሪያ እንጨት ችግር አውጥቷታል። ሆኖም ጠባዩ ከዋንዛ በጣም ይለያል። በቁሙ ሳለ ግንዱ ውስጥ የታመቀ ውጥረት ስላለ ገና እንደተቆረጠ ጫፉ በኮከብ ቅርጽ ይሰነጠቃል። ነጭ ባሕር ዛፍ በችኮላ ሲደርቅ ደግሞ ውኃው የእንጨቱን ሕዋሳት ግድግዳ ወደ ውስጥ ስቦ ያፈርሰዋል፤ የጣውላው ገጽ እዚህም እዚያም ይሰረጉዳል። በመላጊያ ቢላግም ውፍረቱ አልቆ ጉድጓዱ ይቀራል።

ታዲያ ለማገዶ እንጂ ለዕቃ አይሆንም ማለት ስሕተት ነው። በዛፉ አገር በአውስትራሊያ ወለልና የቤት ዕቃ ይሠራበታል። እዚያ መጀመሪያ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ የተሰረጎደው በእንፋሎት ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ማድረቂያ ምድጃ ይገባል።

የእንፋሎት ክፍል ለሌለው መሰንጠቂያ ቤት የመጀመሪያው ግማሽ ብቻውን ብዙ ነገር ያድናል። ጣውላው በተሰነጠቀበት ቀን ሁለቱ ጫፎቹ ወፍራም ቀለም ወይም ሰም ይቀባሉ፤ ውኃ በጫፍ በኩል ከጎን ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚወጣ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ ሲደረደር በየረድፉ መካከል የሚገቡት ቀጫጭን እንጨቶች እኩል ውፍረት ሊኖራቸውና ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀጥታ መስመር ሊያርፉ ይገባል። አንዱ ከመስመሩ ከወጣ ከበላዩ ያለው ጣውላ ሁሉ እዚያ ላይ ጎብጦ ይደርቃል፤ ያንን ጉብጠት በኋላ ማቃናት ይከብዳል። ክምሩ አናት ላይ ከባድ ነገር ይጫናል፤ ፀሐይ ሳይነካው ነፋስ እንዲያገኘው ይደረጋል። እንዲህ ያለውን ክምር አይቶ የመሰንጠቂያ ቤቱን ሙያ መገመት ይቻላል።

ልኬቱም ከባድ አይደለም። ከጣውላው ጫፍ ራቅ ብሎ ትንሽ ቁራጭ ይቆረጥና ይመዘናል። ከዚያ በ103 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይቆይና እንደገና ይመዘናል። 130 ግራም የነበረው 100 ግራም ላይ ከቆመ እርጥበቱ 30 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ሊታወስ ይገባል፤ እንጨት በተለመደው መንገድ መኮማተር የሚጀምረው ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ነው። ስለዚህ ቀጥ ያለና ንጹሕ የሚመስል ጣውላ ገና ምንም ያልተኮማተረ ሊሆን ይችላል። ዓይን እዚህ ላይ ይሳሳታል። ለአዲስ አበባ ቤት ውስጥ የሚውል ዕቃ ከ12 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ወደ ድሬዳዋ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይበል።

ለደረጃና ለልኬት ተቋም የለም አይባልም። የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን በ2003 ዓ.ም. ሥራው ለአራት ተቋማት ተከፍሎ ደረጃ የሚያወጣው፣ የሚፈትሸው፣ የልኬት መሣሪያ የሚያስተካክለውና ዕውቅና የሚሰጠው ተለይተዋል። ክፍተቱ ያለው ዋጋው ላይ ነው። ገበያው ጣውላና ሞራሌ የሚሸጠው በርዝመት፣ በወርድና በውፍረት ነው። ወራት ጠብቆ ያደረቀው ነጋዴ ገንዘቡን አስሮ፣ ቦታ ይዞ፣ ዛሬ ተሰንጥቆ ዛሬ ከሚሸጠው ጋር በአንድ ዋጋ ይወዳደራል። በዚህ ስሌት የሚጠብቅ ሰው ከስሮ ይወጣል፤ የደረቀ እንጨትም ከገበያው ይጠፋል።

ለኤሌክትሪክ መስመር የሚዘጋጀው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል። እርጥብ ምሰሶ የመከላከያ መድኃኒቱን በሚገባ ስለማይመጥ አስቀድሞ ማድረቅ ግድ ነው፤ የሚገዛውም ደረጃ ጠይቆ ነው። የተማሪ ዴስክ በሺህ የሚገዛ ትምህርት ቢሮም ተመሳሳይ አቅም አለው። ጨረታው ላይ የእንጨቱን ዓይነትና መጠን ብቻ መጻፍ ይበቃዋል ብሎ መተው የለበትም፤ በርክክብ ቀን የሚፈቀደውን ከፍተኛ እርጥበት፣ ከስንት ዴስክ ስንት ናሙና ተቆርጦ እንደሚመዘን፣ ከልኩ ያለፈው በማን ወጪ እንደሚመለስ አስቀድሞ ይጻፍ። ያኔ ተጫራቹ ዋጋውን ሲያሰላ የማድረቂያውን ጊዜ አብሮ ያሰላል፤ መሰንጠቂያ ቤቱም ለደረቀ ጣውላ የተለየ ዋጋ የሚጠይቅበት ገዢ ያገኛል።