ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ማጥበቂያ ነጥብ

በእንግሊዝኛ ትምህርት ሰዓት ደጋግመን የምንጠይቀው ጥያቄ «ፊደሉ የሚደገመው መቼ ነው?» የሚል ነው። «ትራቭልድ» የሚለውን ቃል እንግሊዞች በሁለት ኤል፥ አሜሪካኖች በአንድ ኤል ይጽፉታልና መምህሩ ሁለቱም ትክክል ነው ሲሉን ግር ይለናል። ስለ ገዛ ቋንቋችን ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ስናነሣ አንታይም። ጥያቄውን ከእኛ አስቀድመው ያነሡት ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አደረጉበት። ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል፥ ስለ ጉዱ ካሣም ብዙ ተብሏል። ስለዚህች ነጥብ ግን የሚነገረው ጥቂት ስለ ሆነ እኛ በእርሷ ላይ ብቻ ሐሳባችንን ለመስጠት ፈለግን።

ፊደላችን ጥብቁን ከላላው አይለይም። «ገና» ብለን ስንጽፍ የልደትን በዓል ማለታችን ይሁን ወይም ጊዜው አልደረሰም ማለታችን ይሁን ፊደሉ አይነግረንም። «ሰፊ» የተባለው መርፌ የያዘው ሰው ነው ወይስ ጠባብ ያልሆነው ነገር? «ይመታል» ሲባልስ መቺው ነው ወይስ ተመቺው? ይህ የመጨረሻው በተለይ ቀላል ነገር አይደለም፤ ገራፊውን ከተገራፊው የሚለየው ማጥበቅ ብቻ ነውና። ጎጃምን ከብቦ የሚፈሰው ወንዝ እንኳ ባውን አጥብቀን ስንጠራው ወንዝ፥ አላልተን ስንጠራው ውሸተኛ ይሆናል። እርግጥ ወንዙን በዐይኑ ዓ፥ ውሸተኛውን በአልፋው አ የሚጽፍ ሰው ለዐይን ይለያቸዋል። ጆሮ ግን ዐይኑንና አልፋውን በዐማርኛ አይለይም፤ የሚለየው ጥብቁንና ላላውን ነው።

የድሮ መምህራን የፊደልን ልዩነት አጥብቀው መጠበቃቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በግእዝ በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሠረቀ» ወጣ፥ ታየ ማለት ሲሆን በእሳቱ ሰ የተጻፈው «ሰረቀ» ሌባውን ይመለከታል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ይህን ለማወቅ የሚሻ ሰው የት እንደሚያገኘው ያውቃል። ሆኖም በዐማርኛ ንጉሡን ሠ ስቶ ስለ ጻፈ ተማሪ ብዙ ቀይ ቀለም ሲፈስ፥ አንደበት ዛሬም ለሚለየው ለማጥበቅ ምንም ምልክት አለመኖሩ ሚዛኑ የተዛባ ነገር መስሎ ይታየናል። የደራሲው ነጥብ የቆመችው ለሕያው ነገር ነው፤ በዚህ እንደግፋቸዋለን።

የሌላውንም አገር እንይ። እንግሊዞች «ዲነር» ሲሉ ኤኑን ይደግሙታል፥ «ዳይነር» ሲሉ አይደግሙትም፤ ነገር ግን በሁለቱም ኤኑ ላልቶ ይነገራል፤ የሚለወጠው ከፊቱ ያለው አናባቢ ነው። ጣልያኖች ግን በእውነት ያጠብቃሉ። በአንድ ኤል የሚጻፈው «ፓላ» አካፋ ነው፤ በሁለት ኤል የሚጻፈው «ፓላ» ኳስ ነው። በእኛ ፊደል ሁለቱ ፍጹም አንድ ሆነው እንደ ቀሩ አንባቢ ይመልከት። በጠላት ወረራ ዘመን ተማርከው ጣልያን አገር ታስረው የኖሩት ደራሲ ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም ብንል ግምት ብቻ ነው፤ ድፍረት አይሁንብን።

ከእኛ መካከል አፉን በአውንጂ የፈታ አንድ ጓደኛ አለን። በልጅነቱ በክፍል ፊት ቆሞ «ይሰማል» የሚለውን አላልቶ ሲያነብ፥ ድምፁ ተሰማ መባሉ ቀርቶ ድምፁ ራሱ ሰሚ ሆነና ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ እጁን እንዳላወጣ ነግሮናል። በፊደሉ ራስ ላይ ነጥብ ቢኖር ኖሮ የሚያስቅ ነገር ባልተገኘም ነበር። እኛ ከእናታችን አፍ የተማርነውን እርሱ ከየት ያምጣው?

አሁን ወደ ነቀፌታችን እንመለስ። ደራሲው ነጥቧን ለሚያጠራጥረውም ለማያጠራጥረውም ቃል እኩል ሰጡ። «በዛብህ» የሚለውን ስም ዐማርኛ የሚያውቅ ሰው ያለ ነጥብ አይስተውም። ነጥብ በየቃሉ ሲበዛ ዐይን ይለምደውና ማየቱን ይተዋል፤ አስፈላጊዋ ነጥብ ከማታስፈልገው ጋር ትጠፋለች። (አርእስቱ ራሱ አንድም ጥብቅ ፊደል የለበትም!) ዐረቦች «ሸዳ» የሚሉት የማጥበቂያ ምልክት አላቸው፤ በተራ ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተዉትና አንባቢ የሚሳሳት ሲመስላቸው ያገቡታል። እኛም ለልብ ወለድ ይህን፥ ለሕፃናት ማንበቢያና ለመዝገበ ቃላት ደግሞ የደራሲውን ሙሉ ሥርዓት እንመርጣለን። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሁሉ ጥብቁንና ላላውን በጆሮው ተቀብሏል፤ ወጋየሁን ያልሰማ አንባቢ ግን አለ።

አንድ ነገር ደግሞ አሳስቦናል። በዛብህ የቅኔ መምህር ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስም የቅኔ አገር ነው። በዐማርኛ ሰሙና ወርቁ ብዙ ጊዜ ተደብቀው የሚኖሩት በአንድ ቃል መጥበቅና መላላት ውስጥ ነው። ባለቅኔው ሁለቱን ትርጉም በአንድ ፊደል አሳድሮ ሳለ አታሚው ነጥብ ቢያደርግበት አንዱን ትርጉም ገደለው ማለት ነው። ስለዚህ ግጥም ከነጥብ ነጻ ይሁን እንላለን፤ ይህን ስንል ሕጋችን ሦስት ዓይነት እንደ ሆነብን ሳናውቅ ቀርተን አይደለም።

የማጥበቂያ ምልክት በ2005 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል ሰሌዳ፥ ዩኒኮድ በሚባለው፥ የራሱን ቁጥር አግኝቷል። ስለዚህ የማተሚያ ቤት እርሳስ አይበቃም የሚለው የቀድሞ ምክንያት ዛሬ አይሠራም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ አንድም ነጥብ አላደረግንም፤ ከገበታው ላይ የትኛውን ቁልፍ እንደምንነካ ያሳየን ሰው አላገኘንምና።