ልጁ በየትኛው መስመር ላይ ነው?
የፍቺ ሕግ እንደ ጽሑፍ ሲነበብ

ሕግ በአብዛኛው የሚነበበው በጠበቃና በዳኛ ዓይን ነው። አንቀጹ ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደሚከለክል ከታወቀ ንባቡ ያበቃል። ይሁን እንጂ ሕግ ጽሑፍም ነው፤ ቃላትን ይመርጣል፣ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ያስከትላል፣ አንዱን በስሙ ጠርቶ ስለ ሌላው ዝም ይላል። የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ለእንዲህ ያለው ንባብ ይመቻል። አንድ ኅብረተሰብ ስለ ባል፣ ስለ ሚስትና ስለ ልጅ ያለውን አሳብ የሚያሰፍርበት ሰነድ ነውና። በኢትዮጵያ በአርባ ዓመት ልዩነት የወጡት ሁለት ሕጎች፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ጎን ለጎን ሲነበቡ ያልተጠበቀ ነገር ይታያል። አዲሱ ሕግ ለሚስት የሰጠውን ያህል ለልጅ አልሰጠም፤ እንዲያውም በአንድ ዐቢይ ቦታ ላይ ከአሮጌው ወደ ኋላ ቀርቷል።

የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ረቂቁ በፈረንሳይኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ ተመለሰ። ሕጉ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገዋል፤ ሚስትም ሕግን በማይቃረን ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ይጠይቃል። የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ይወስናል። ፍቺ የፈለገ ወገን በቅድሚያ የሚቆመው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፊት ነው። ሽማግሌዎቹም ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ይመረምራሉ። ዝሙትና ትዳርን ጥሎ መሄድ ከከባድ ምክንያቶች ይቆጠራሉ፤ ያለ በቂ ምክንያት የፈታ ደግሞ በንብረት ክፍፍል ሊጎዳ ይችላል። በአጭሩ፣ ጽሑፉ የባልን የበላይነት በግልጽ የሚናገር፣ ፍቺንም እንደ ጥፋትና ቅጣት የሚያይ ነው።

አዋጅ ቁጥር 213/1992 ይህን ሥርዓት ከመሠረቱ ለወጠው። ለውጡ በራሱ የመጣ አልነበረም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ተጋቢዎች በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ከደነገገ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ ወገኖች አጥብቀው የጠየቁት ነበር። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም ፆታዎች 18 ሆነ። የቤተሰቡ አስተዳደር የባልና የሚስት የጋራ ሥልጣን ሆነ። ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ሆነ፤ ሽማግሌዎች ማስታረቅ እንጂ ማፍረስ አይችሉም። መለያየት የሚፈልግ ወገንም የሌላውን ጥፋት እንዲያስረዳ አይገደድም። አዋጁ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ቢሆንም፣ የራሳቸውን ሕግ ያወጡ በርካታ ክልሎች ፈለጉን ተከትለዋል። ለዘመናት ከሽማግሌ ደጅ ስትመላለስ ለኖረችው ሚስት ይህ ትልቅ ነጻነት ነው፤ የሚከተለው ትችትም ይህን አይክድም።

ጥያቄው የሚነሳው አንቀጽ 113 ላይ ሲደረስ ነው። አንቀጹ ፍርድ ቤቱ ፍቺን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ አጠባበቃቸው፣ ስለ ትምህርታቸውና ስለ ጤናቸው፣ እንዲሁም ወላጆችና ልጆች ስለሚገናኙበት ሁኔታ እንዲወስን ያዛል። ከዚያም ዳኛው ሊያመዛዝናቸው የሚገቡትን ነገሮች ይዘረዝራል። ዝርዝሩ የተጋቢዎቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ ያስቀድማል፤ የልጆቹ ዕድሜና ጥቅም የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ገቢ የመጀመሪያው ቃል ሲሆን የልጅ ጥቅም የመጨረሻው ሆኗል።

አሁን ወደ ኋላ ተመልሶ የ1952ቱን ሕግ አንቀጽ 681 ማንበብ ያስፈልጋል። ሚስትን ለባል ያስገዛው ያው ሕግ፣ የልጆች አያያዝ የሚወሰነው የልጆቹን ጥቅም ብቻ በመመልከት እንደ ሆነ ይናገራል። ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ለእናቱ እንዲሰጥም ይደነግጋል። «ብቻ» የምትለው አንዲት ቃል የአባትን ሀብትም ሆነ የእናትን ድህነት ከሚዛኑ ታወጣለች። በ1992 ይህች ቃል ጠፋች።

የአምስት ዓመቱ ደንብ ለምን እንደ ቀረ መረዳት አይከብድም። እናትን በተፈጥሮ ሞግዚት፣ አባትን በተፈጥሮ እንግዳ አድርጎ የሚቆጥር ደንብ ከእኩልነት ጋር አይሄድም፤ ልጁን በፍቅር ሊያሳድግ የሚችልን አባት ያለ ምርመራ ያገልላል። ችግሩ አዲሱ ሕግ ደንቡን ሲያወጣ ደንቡን የተሸከመውንም መርሕ አብሮ ማውጣቱ ነው። ሁለቱ ተጋቢዎች እኩል ይሆኑ ዘንድ የሁለቱም ገቢ፣ የሁለቱም ዕድሜ፣ የሁለቱም ኑሮ ተቆጠረ። ሚዛኑ ትክክል ነው፤ የሚመዘኑት ግን ወላጆቹ ናቸው።

ገቢን ማስቀደም በተግባር ማንን እንደሚጠቅም ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። አሥር ዓመት ቤት ውስጥ ልጅ ስታሳድግ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ የባሏን ዘመድ ስታስተናግድ የኖረች ሴት የደመወዝ ማስረጃ የላትም። ባሏ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያጽፋል። እርግጥ በትዳር ዘመን የተፈራው ሀብት የጋራ ነው፤ ነገር ግን ንብረቱ ተሸጦ ድርሻዋ እጇ እስኪገባ ድረስ የልጁ ነገር በጊዜያዊ ትእዛዝ ሊያዝ ይችላል፤ ጊዜያዊውም ሲውል ሲያድር የቋሚነት ጠባይ ይይዛል። ከዚህም በላይ ሕጉ ራሱ ለገቢ ሌላ ስፍራ አለው፤ ቀለብ። የቀለብ ልክ የሚቆረጠው በጠያቂው ችግርና በከፋዩ አቅም ነው። ገቢ ያለው ወላጅ ልጁ የትም ቢኖር መክፈል አለበት። ስለዚህ ገቢ የቀለብ መለኪያ ሊሆን ይገባዋል እንጂ ልጁ ከማን ጋር እንደሚያድግ የሚወስን የመጀመሪያ ሚዛን ሊሆን አይገባውም።

ሌላው ጉድለት ዝምታ ነው። አንቀጽ 113 የልጁ ፍላጎት እንዲጠየቅ አያዝም። የሕጉ አዘጋጆች ልጅን መስማት የሚባለውን ነገር አያውቁም ነበር እንዳይባል፣ በዚያው ሕግ በአንቀጽ 194 ላይ የጉዲፈቻ ውል ከመጽደቁ በፊት ፍርድ ቤቱ የልጁን አስተያየት እንዲመለከት ተደንግጓል። በአዋጅ ቁጥር 10/1984 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 12 ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ አሳቡን እንዲገልጽ ዕድል ይሰጠዋል። ለማያውቃቸው ሰዎች ሲሰጥ የሚጠየቀው ልጅ፣ ከሚያውቃቸው ወላጆቹ አንዱን ሲያጣ አይጠየቅም። በዚህ ረገድ ጽሑፉ የሽምግልናውን ባህል ወርሷል፤ ሽማግሌዎች ሲገቡ ልጆች «ውጭ ተጫወቱ» ይባላሉና።

ይህ ጉድለት በፍርድ ሊታረም እንደሚችል አንድ ውሳኔ ያሳያል። ጉዳዩ የፍቺ ሳይሆን ከእናት ሞት በኋላ የተነሳ ነበር፤ እናቱን በሞት ያጣ ልጅን በአሳደገችው አክስትና ልጁን እንዲረከብ በጠየቀው አባት መካከል። የሥር ፍርድ ቤቶች ሕጉ በሕይወት ላለው ወላጅ በሚሰጠው ሥልጣን ተመርተው ለአባት ፈረዱ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ግን በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ውሳኔውን ሻረው። ኮንቬንሽኑንና የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ፣ የወላጅነት መብት ከልጁ ጥቅም እንደማይቀድም አስረዳ። የችሎቱ የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ይገዛል፤ ሆኖም አንድ እናት ወይም አባት ጠበቃ ሳይዝ ችሎት ሲቆም በእጁ የሚይዘው የአዋጁን ቅጂ እንጂ የሰበር ውሳኔዎችን ቅጽ አይደለም።

በቀጣናው ሌላ የአጻጻፍ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 53፣ ልጅን በሚመለከት ማንኛውም ጉዳይ የልጁ ጥቅም ከሁሉ የላቀ ስፍራ እንዳለው ይደነግጋል፤ አባትና እናት ተጋቡም አልተጋቡ ልጁን የመንከባከብ እኩል ኃላፊነት እንዳለባቸውም ያክላል። እኩልነትና የልጅ ቀዳሚነት በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሳይጋጩ ተቀምጠዋል። የ1992ቱ ሕግ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው አልነበረበትም።

አንቀጽ 113 እንደገና ቢጻፍ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የልጁ ጥቅም ከዝርዝሩ ጅራት ወጥቶ የአንቀጹ ራስ ይሁን፤ ገቢ ወደ ቀለቡ ይመለስ፤ አሳቡን መግለጽ የሚችል ልጅ ደግሞ ሳይሰማ አይወሰንበት። እስከዚያው ድረስ ዳኛው በእጁ ያለው ጽሑፍ የሚነግረው፣ የሁለት ጎልማሶችን ኑሮ አመዛዝኖ ሲጨርስ ልጁንም እንዲያስታውስ ነው።