በቆርቆሮ ጣራ ሥር የሚቀረጽ ድምፅ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ ክረምቷ የከበደ ከተማ ናት። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ ለመደማመጥ ይቸገራሉ። በዚህ ጣራ ሥር ግጥሙን ወይም እንጉርጉሮውን በእጅ ስልኩ የሚቀርጽ ሰው፣ ቀረጻውን መልሶ ሲያዳምጥ ያልጋበዘውን እንግዳ ሁሉ ያገኛል፤ ዝናቡን፣ የባጃጁን ጉርምርምታ፣ የጎረቤቱን ውሻ፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚላተመውን የገዛ ድምፁን ማሚቶ። ይህን ባዕድ ድምፅ ለማስወገድ ዛሬ የሚዘወተረው አቋራጭ ቀረጻውን በኮምፒዩተር ወይም በዚያው በስልኩ የማጽጃ መሣሪያ ማጠብ ነው። የመሣሪያው ፍጥነት አያከራክርም፤ አብሮ ጠርጎ የሚወስደው ግን ሊያከራክር ይገባል።

የተለመደው ማጽጃ፣ ተናጋሪው ዝም ያለበትን አንድ ቅጽበት ወስዶ በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚሰማውን ሁሉ የባዕዱ ድምፅ መልክ አድርጎ ይይዛል፤ ቀጥሎም ያንን መልክ የመሰለውን ከቀረጻው ላይ ይቀንሳል። በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ የድምፅ እርከን የተበተነ ሿሿታ ነው። «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» ደግሞ ትንፋሽ በጥርስና በከንፈር ሲፋተግ የሚፈጠሩ፣ በባሕርያቸው የዚያው የሿሿታ ዘመዶች ናቸው። መሣሪያው ዘመድን ከባዕድ የሚለይበት ጆሮ ስለሌለው ከዝናቡ ሲቀንስ ከፊደሉም ይቀንሳል።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚደርስ ለማየት «ይሰማል» የሚለውን አንድ ቃል መመርመር ይበቃል። «ሰ» እና «መ» ላልተው ሲነገሩ ባለቤቱ ሰሚ ነው፤ ጠብቀው ሲነገሩ ተሰሚ ይሆናል። በጽሕፈት ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ድምፁ በአፍ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። የ«ሰ» ሿሿታ ተሸርፎ ባጠረ ቁጥር የጠበቀው ወደ ላላው ይጠጋል፤ አድማጩም ይገምታል እንጂ አይሰማም። የቅኔ ቤቶች ተብለው ከሚጠሩት ከዋድላ፣ ከዋሸራና ከጎንጅ ሁለቱን ይዞ በኖረው በጎጃም ምድር ይህ እንደ ትንሽ ነገር አይታይም። በንባብ ቤት ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን ለይቶ እስኪያነብ ድረስ ስንት ጊዜ የታረመ ተማሪ፣ ያንን ሁሉ ድካም አንዲት የስልክ ቁልፍ ስታስተካክለው ማየት የለበትም። ኅብረ ቃሉ በማጥበቅና በማላላት ላይ የቆመ ቅኔ እንዲህ ሲታጠብ ሰሙ ይቀርና ወርቁ ይሄዳል።

ሌላው መሣሪያ እንደ በር የሚሠራው ነው። ድምፁ ከተወሰነ ኃይል በታች ሲወርድ በሩ ይዘጋል፤ ሲጨምር ይከፈታል። ነገር ግን የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ላይ ነው፤ የአንባቢው ትንፋሽ የሚያልቀውና ድምፁ የሚወርደውም እዚያው ነው። በሩ ያለ ልክ የጠበቀ እንደ ሆነ ቤት መምቻውን ከውጭ አስቀርቶ ይዘጋል። ለስልክ ንግግር ተብሎ የተሠራው ማጽጃም ረጅሙንና የማይለዋወጠውን ድምፅ እንደ ባዕድ የመቁጠር ልማድ አለው፤ በማሲንቆ ታጅቦ ለሚያንጎራጉር ሰው ይህ ፈረስ ጭራውን ከነሻካራ ለዛው መላጨት ነው።

ይህ ክርክር ከጎጃም ወጥቶ በአዲስ አበባ አንድ ግሩም ምስክር አለው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት በቤታቸው ፒያኖ እየመቱና እየዘፈኑ በካሴት መቅረጫ የቀረጿቸው መዝሙራትና ዜማዎች፣ ካረፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 «ሱቨኒርስ» በሚል ርእስ ታትመው ወጡ። በመስኮቱ ማዶ የወፎች ድምፅ ይሰማል፤ ወንበሩ ሲንቋቋም ይሰማል። አሳታሚዎቹ እነዚህን እንዳሉ መተዋቸው የሚመሰገን ፍርድ ነው፤ ብቸኛዋ ዘማሪት ከነክፍሏ ቀርባ ትደመጣለችና። ከዚህ ተነሥቶ ሁካታ ሁሉ ጸጋ ነው ማለት ግን ስንፍናን ማሞገስ ይሆናል። ወፎቹ ከድምፁ ኋላ ናቸው፤ ቃሉን አልሸፈኑም። የቆርቆሮ ዝናብ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚደመጥ ነገር ባልተረፈ ነበር።

እንግዲህ ሥራው ከቀረጻው በፊት ነው። ከሁሉ የሚረክሰውና ከሁሉ የሚረሳው መጠጋት ነው። በአፍና በማይክሮፎኑ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ያድጋል፤ የዝናቡ መጠን ግን በቦታው ይቆያል። ከ40 ሳንቲ ሜትር ወደ 10 የቀረበ አንባቢ ወደ 12 ዴሲቤል የሚጠጋ ብልጫ ያገኛል። ትንፋሹ እንዳይፈነዳ ስልኩን ከአፉ ትይዩ ጥቂት ወደ ጎን ማድረግ አለበት። ጋቢና ፍራሽ በግድግዳ ላይ መስቀልም መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጋቢ ማሚቶን ይውጣል እንጂ ባጃጅ አያግድም። ለዝናቡ የነበረው መድኃኒት የሣር ክዳኑ ጎጆ ነበር፤ ሣሩ ጠብታውን በለሆሳስ ይቀበላል፣ በጭቃና በጭድ የተመረገው ግድግዳም ማሚቶውን ያለዝባል። ቆርቆሮው ብዙ ነገር አምጥቷል፤ ጥሩ የመቅረጫ ክፍል ግን ወስዷል።

በእንዶዳም የተወለዱት የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ አድማጭ ቆም ማለትንና ትንፋሽ መሳብን እንደ ትረካው አካል ማዳመጥ ለመደ። ዛሬ ትረካቸውን በቤታቸው የሚቀርጹ ወጣቶች ያንን ጸጥታ የሚመኙት በእርሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በማጽጃ የሚገኘው ዝምታ ግን ሌላ ነው፤ በቃልና በቃል መካከል አድማጩን ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ ያወጣዋል። ክፍሉ የራሱ ጥቂት ትንፋሽ ቢቀርለት ይሻላል።

የግድ ማጠብ ካስፈለገም በትንሹ፣ «ስ» እና «ፍ» ሳይጎዱ እየተደመጠ ይደረግ፤ ያልታጠበው የመጀመሪያው ቀረጻም ለብቻው ይቀመጥ፤ ከታጠበው ላይ የወጣው ፊደል ተመልሶ አይገባምና።