የጠበቃ አጠያየቅና የባለጉዳይ ማንነት

ወንጀል ችሎት የቀረበ ሰው በስሙ ብዙም አይጠራም፤ «1ኛ ተከሳሽ»፣ «የዐቃቤ ሕግ 2ኛ ምስክር» ወይም «የግል ተበዳይ»፣ ማለትም ጉዳቱ በቀጥታ የደረሰበት ወገን፣ እየተባለ በመዝገቡ ውስጥ ቦታ ይሰጠዋል። እነዚህን መጠሪያዎች ጠበቃው እንዳገኛቸው ይቀበላቸዋል፤ የእርሱ እጅ በእርግጥ የሚታየው በአጠያየቁ ላይ ነው።

አማርኛ ደግሞ ለጠያቂው የሚሸሸግበት ቦታ አይተውለትም። ግሱ ራሱ አክብሮትን ስለሚለይ፣ መርማሪ ፖሊሱን «እርስዎ ምን አዩ?» ያለ ጠበቃ ቀጥሎ የቀን ሠራተኛውን «አንተስ ምን አየህ?» ሲለው፣ ስለ ፍሬ ነገሩ አንዳች ሳይናገር የማን ቃል ሊከብድ እንደሚገባ ለዳኛው ጠቁሟል። ልማድ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ነገር ግን ጉዳዩ በሁለቱ ሰዎች ቃል ላይ ብቻ የቆመ ሲሆን ልማዱ ቀላል አይደለም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137 መሪ ጥያቄን፣ ማለትም የሚፈለገውን መልስ በውስጡ ይዞ የሚቀርበውን ጥያቄ፣ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ እንዳይቀርብ ሲከለክል፣ የተቃራኒ ወገን ምስክር በሚፈተንበት በመስቀለኛ ጥያቄ ግን ይፈቅደዋል። የዚህ ፈቃድ ኃይል በአስገድዶ መድፈር ክስ ላይ ጎልቶ ይታያል። ተከላካይ ጠበቃው «ለምን አልጮኽሽም?» ሲል፣ መጮኽ ይገባት የነበረችና ስለ ዝምታዋ ምክንያት ማቅረብ ያለባት ሴት ገና መልስ ሳይሰማ በችሎቱ ፊት ቆማለች፤ የምትለው ምንም ቢሆን ከተበዳይነት ወደ ተጠያቂነት ተሸጋግራለች። «በዚያን ጊዜ ምን አደረግሽ?» የሚለው ጥያቄ ያንኑ ፍሬ ነገር ያወጣል፣ እርሷን ግን አስቀድሞ አይፈርጃትም። ለደንበኛው መሟገት ግዴታው ነውና ጠበቃውን በመስቀለኛ ጥያቄው ብርታት መውቀስ አይገባም፤ የሚያስወቅሰው ከሁለቱ አጠያየቅ የመጀመሪያውን ሳያስብበት የመረጠ እንደሆነ ነው።

ነገሩ የሚብሰው በምዝገባው ላይ ነው። በዚያው ሕግ አንቀጽ 147 መሠረት የምስክር ቃል በመደበኛው የሚሰፍረው በትረካ መልክ ስለሆነ፣ «ፈርቼ ነው» ብላ የመለሰችው ሴት በመዝገቡ ላይ «ስለፈራሁ አልጮኽኩም» ብላ ትገኛለች፤ ጥያቄው ጠፍቶ በውስጡ የነበረው ግምት ራሷ አንስታ የተናገረችው ሆኖ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዘንድ ይደርሳል። ሕጉ ግን ዳኛው አንድን ጥያቄ ለይቶ ከነመልሱ እንዲያስመዘግብ ሥልጣን ሰጥቶታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሰማ ዐቃቤ ሕግም ሆነ ጠበቃ «ጥያቄው ከነመልሱ ይመዝገብልን» ብሎ እዚያው ማመልከት ይኖርበታል፤ በይግባኝ ደረጃ ያልተመዘገበ ጥያቄን አንስቶ መከራከር እጅግ አስቸጋሪ ነው።