የናኖ ክር ሥራ የሚመዘነው እንዴት ነው?

በከፍተኛ ቮልቴጅ ከመርፌ ጫፍ ላይ የተፈተለ የናኖ ክር ፎቶ ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው የተፈተለበትን ወር ነው። ባሕር ዳር ላይ የሐምሌና የየካቲት ክር አንድ አይደለም። ክረምት ገብቶ አየሩ ሲረጥብ፣ ፒቪፒ የተባለው ፖሊመር ውሃ ስለሚስብ ክሩ ሳይደርቅ ሰብሳቢው ላይ ይወድቅና እርስ በርሱ ይጣበቃል። የታይታኒየም አልኮክሳይድ ያለበት ውህድ ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው እዚያው መርፌው ጫፍ ላይ ይረጋል። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊትም ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ፈሳሹ ቶሎ ይተናል፤ በመርፌው ዙሪያም ባነሰ ቮልቴጅ ብልጭታ ይፈጠራል። ሌላ አገር የሠራ 20 ኪሎ ቮልት እዚህ ላይሠራ ይችላል። እርጥበቱን በየዕለቱ የመዘገበ ተማሪ ገና ከጅምሩ አመኔታዬን ያገኛል።

የክሩን መልክ ማየት ቀላሉ ነው። ጥሩ ፈታይ ያወረደችው ማግ ጉብጉብ እንደሌለው ሁሉ፣ ይህም ዶቃ የማይታይበትና ውፍረቱ የተስተካከለ ይሁን። ከተለያዩ ፎቶዎች ቢያንስ 100 ክር ይለካ፤ አንድ ያማረ ፎቶ አይበቃም። ቀጥሎ ኦክሳይዱ ብቻ እንዲቀር ክሩ እቶን ይገባል፤ እዚያ ፖሊመሩ ሲቃጠል ክሩ ይቀጥናል። ሙቀቱ በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ እየጨመረ 500 ወይም 600 ይድረስ፤ ከዚህ ከፈጠነ የሚወጣው ጋዝ ክሩን ይበጣጥሰዋል።

ሥራው በእውነት የሚፈተነው የክሩን ባሕርይ ለመለወጥ በሚጨመረው ባዕድ አቶም ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ላይ አሉሚኒየም መጨመርና አሉሚኒየሙ የዚንክን ቦታ መያዙ ለየቅል ናቸው። ክሩ ላይ ተለጥፎ ወይም ለብቻው ሌላ ኦክሳይድ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚሠራው የንጥረ ነገር ልየታ የአሉሚኒየሙን መኖር እንጂ የያዘውን ቦታ አይነግረንም። ኤክስሬይ ዲፍራክሽን ይሻላል፤ አሉሚኒየም ከዚንክ ስለሚያንስ፣ ቦታውን ከያዘ በውጤቱ ግራፍ 34.4 ዲግሪ አካባቢ ያለው ጫፍ በጥቂቱ ከፍ ወዳለ ዲግሪ ይገፋል። ችግሩ፣ ናሙናው መያዣው ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ሲልም ጫፉ ይንቀሳቀሳል። ይህን ለማጥራት የሲሊከን ዱቄት ቀላቅሎ የለካ ሰው ሳገኝ ደስታዬ ልክ የለውም። «ሌላ ጫፍ አልታየም» የሚለውም ብዙ አያስኬድም፤ ከመቶ አንድ ሁለት እጅ የሆነ ባዕድ ኦክሳይድ ከመሣሪያው ዓይን ያመልጣል። ቦታውን የያዘ አሉሚኒየም ትርፍ ኤሌክትሮን ስለሚለቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ መውረድ አለበት። የጫፉ መገፋትና የመቋቋሙ መውረድ ከተጨመረው መጠን ጋር አብረው ሲሄዱ ያኔ አምናለሁ።

የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለበት ከተማ ክሩ በብርሃን ቀለም ማፍረሱን በማቅለሚያ ፍሳሽ ላይ መሞከር ተገቢ ነው። ለሙከራ የሚወሰደው ሜቲሊን ብሉ የተባለ ቀለም ግን በብርሃን ብቻም ይደበዝዛል፤ ክሩም ቀለሙን ሳያፈርስ መጥጦ ሊይዘው ይችላል። ክር ሳይኖርበት በብርሃን የቆየ፣ እንዲሁም ክር እያለበት በጨለማ የቆየ ናሙና ያላቀረበ ጥናት ጎደሎ ነው። ከዚያ በጣና ሐይቅ ውሃ ይሞከር። የክረምቱ ደለል ብርሃኑን ይጋርዳል፤ ባይካርቦኔቱም ቀለሙን የሚያፈርሱትን ራዲካሎች ይሻማል። በተጣራ ውሃ ያማረው ውጤት እዚህ ሲወርድ መውረዱን በግልጽ የጻፈ ሰው ሥራውን አክብሯል። በመጨረሻም ውሃው ውስጥ የቀረው ዚንክ ይለካ። ዚንክ ኦክሳይድ በአሲዳማ ውሃ ይሟሟል፤ ዓሣ በሚጠመድበት ሐይቅ ዳር ይህ ቁጥር ከጠፋው ቀለም መጠን ጎን መጻፍ አለበት።