«ጎጂ» የሚለው ቃል ይበቃናልን? የኢንተር አፍሪካን ኮሚቴው ቋንቋና የቤተ ክርስቲያን ድርሻ

«ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» የሚለው ሐረግ በስብከታችንም በሥልጠናችንም የተለመደ ሆኗል። እንዲለመድ ብዙ ከደከሙት አንዱ የሴቶችንና የሕፃናትን ጤና በሚጎዱ ልማዶች ላይ የሚሠራው ኢንተር አፍሪካን ኮሚቴ ነው። በ1976 ዓ.ም. ዳካር ላይ ተመሥርቶ ዋና ጽሕፈት ቤቱን አዲስ አበባ ያደረገውን ይህን ጥምረት ለረጅም ዓመታት የመሩት ኢትዮጵያዊቷ ወይዘሮ ብርሃኔ ራስወርቅ ናቸው።

የጥምረቱ ጥንካሬ አደረጃጀቱ ነው። በ1972 ዓ.ም. በኮፐንሃገኑ የሴቶች ጉባኤ ላይ የምዕራባውያን ሴቶች ስለ ግርዛት የተናገሩበት መንገድ ብዙ አፍሪካውያንን አስቀይሞ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የተቋቋመው ኮሚቴ ጉዳዩን ሳይተው ተናጋሪውን ለወጠ። ማዕከሉ ያስተባብራል፣ በዓለም መድረክም ይሟገታል፤ ከእናቶች፣ ከገራዦችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር የሚነጋገረው ግን በየአገሩ ያለው ብሔራዊ ኮሚቴ ነው። ጥር 29 ቀን 1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግርዛትን ፈጽሞ ላለመታገሥ የታወጀው ቀን ዛሬ በዓለም ይታሰባል።

ትችቴ ቃሉን ሳንመረምር በተዋስነው በእኛ ላይ ነው። የተለያየ እምነት ያላቸውን አገሮች የሚያስተባብር ጥምረት በጤና ቋንቋ መናገሩ ተገቢ ነው። መጋቢ ግን በዚያ ብቻ ሲቆም መልስ ያጥረዋል። «ሐኪም ቤት ትገረዝ፤ ያኔ ምን ትጎዳለች?» ወይም «ባሏ ሀብታም ነው፤ ምን ይጎድልባታል?» የሚል አባት ቢመጣ፣ መለኪያችን ጉዳት ብቻ ከሆነ ክርክሩ ወደ ጉዳቱ መጠን ይወርዳል።

በማርቆስ 7 ጌታችን ስለ ቁርባን ሲናገር ሁለቱንም ያነሣል። የተጎዱት አባትና እናት ናቸው፤ የተሻረው ደግሞ የእግዚአብሔር ቃል ነው። ጉዳቱን አላቃለለም፤ በጉዳት ብቻም አልለካውም። ልጅቱም በዘፍጥረት 1፥27 መሠረት የእግዚአብሔር መልክ ናት። ስለዚህ ያለ ፈቃዷ መዳሯም ሆነ መቆረጧ ኃጢአት ነው፤ ኃጢአት ደግሞ ንስሐን ይጠይቃል።

ነገሩን ወደ አንኮበር ገጠር እናውርደው። ጥር የሠርግ ወር ነው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል። ሆኖም ሽማግሌዎች የሚመጡት ድግሱ ከተጠመቀ በኋላ ነው። አባትየው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ «ልጁ ቆሞ ቀር ሆነች» መባልን፣ ጠለፋንም ይፈራል። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባም ሆነ ከጄኔቫ የሚደርስ አስተባባሪ የለም፤ ያለው መጋቢው ነው።

ስለዚህ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በሥልጠና ከመሳተፍ ያለፈ ሥራ አለባት። ጋብቻ ከመታወጁ በፊት ዕድሜ ይረጋገጥ። ልጅቱን ወላጆች በሌሉበት አንዲት የታመነች እናት ታነጋግራት። ዕድሜዋ ካልደረሰ መጋቢው አይባርክ፤ ሽማግሌዎቹም ከድግሱ ይቅሩ። ከዚያም ምእመናን ቤተሰቡን ከሐሜት ይከልሉት፤ ልጅቱ ከተማ ገብታ እንድትማር የቤት ኪራዩን ይካፈሉ። ይህን ሳናደርግ ንስሐን ብንሰብክ፣ የእምቢታውን ዋጋ ለአባቷና ለእርሷ ብቻ ትተናል ማለት ነው።